ፋብሪካው ባሕር ሲሻገር ሙያው የት ይቀራል?

(ለምሕንድስና ተማሪዎች፣ ለጋራዥ ባለቤቶችና ለመኪና አስመጪዎች አዲስ አበባ ውስጥ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ይህን ዝናብ ጥሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ዛሬ የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በየመሀሉ ሰባትና ስምንት እየቀነስኩ አላደክማችሁም።

የቻይና ኩባንያ ውጭ አገር ፋብሪካ ከፈተ ሲባል እኛ ዘንድ ቶሎ ትዝ የሚለው ርካሽ ጉልበት ነው። ጫማ፣ ልብስ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በር ላይ የተሰለፉ ወጣቶች። የዛሬው ባለታሪካችን ግን ከአገሩ ሲወጣ የመጀመሪያውን ፋብሪካ የተከለው ጀርመን ውስጥ ነው። ቀጥሎ ሀንጋሪ፣ ከዚያ ስፔን። ደመወዙም መብራቱም ፈቃዱም ከሚቀልበት ከገዛ ቤቱ ወጥቶ ሁሉም ነገር ውድና አታካች ወደሆነበት ሰፈር የሚሄድ ነጋዴ ምን ፈልጎ ነው?

ኩባንያው ሲኤቲኤል ይባላል። ከ2017 ጀምሮ በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የዓለም ቁንጮ ሆኖ ቆይቷል። በ2024 በዓለም ላይ መኪና ውስጥ ከተገጠመው ባትሪ ከመቶ 38 እጅ ያህሉ የእሱ ነበር። ቴስላ፣ ቢኤምደብሊው፣ መርሴዲስ፣ ቮልስዋገን ደንበኞቹ ናቸው። እዚህ ከተማችን ውስጥ ቦሌና ሲኤምሲ መንገድ ላይ የምታዩዋቸው፣ ቻይና ውስጥ የተገጣጠሙት የቮልስዋገን አይዲ መኪኖች ብዙዎቹ የተሸከሙት የእሱን ሴል፣ ማለትም ተደርድሮ ባትሪ የሚሆነውን ነጠላ ክፍል፣ ነው። ስሙን ባታውቁትም ላዩ ላይ ተቀምጣችሁ ትነዳላችሁ።

የኔ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ የባትሪ ፋብሪካ አገር ሲሻገር ገንዘቡም ማሽኑም ያለ ብዙ ችግር ይሻገራል። ሙያው ግን የሚሻገረው ተቀባዩ አገር ባስገደደው ልክ ብቻ ነው። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ደግሞ ራሱ ሲኤቲኤል ነው፤ ምክንያቱም እሱም ያደገው ከሌላ ሰው ሙያ እየጨለፈ ነው።

መሥራቹ ዜንግ ዩቹን ይባላል፤ ፈረንጆቹ ሮቢን ዜንግ ይሉታል። በ1968 ፉጂያን በሚባለው የቻይና ጠቅላይ ግዛት፣ ኒንግዴ ከተማ አጠገብ ገጠር ውስጥ ተወለደ። ኒንግዴ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ባትሪ ሳይመጣ በፊት የምትታወቀው በዓሣ እርባታና በሻይ ቅጠል ነበር። ልጁ ሻንግሃይ ሄዶ የመርከብ ምሕንድስና ተማረ፤ መንግሥት ሥራ መደበው፤ ወራት ሳይቆይ ጥሎ ወጣና ደቡብ ወረደ። ዶንግጓን ውስጥ ለኮምፒውተር ሀርድ ዲስክ ዕቃ የሚሠራ፣ የጃፓኑ ቲዲኬ ንብረት የሆነ ፋብሪካ ገብቶ ዓመታት ሠራ። በ1999 ከባልደረቦቹ ጋር ኤቲኤል የሚባል የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ የሞባይልና የሙዚቃ ማጫወቻ ባትሪ ሊሠሩ።

ሙያውን ከየት አመጡት? ከአሜሪካ ገዙት። ቤል ላብስ የሚባለው ዝነኛ የምርምር ተቋም ለስስ ባትሪ የሚሆን የባለቤትነት ፈቃድ ይሸጥ ነበር፤ ከፍለው ወሰዱ። አገራቸው ተመልሰው ሠሩት፤ ባትሪው ሠራ። ከዚያ ደጋግመው ሲሞሉት ማበጥ ጀመረ። ሻጮቹን ቢጠይቁ መልስ የለም፤ ያ ችግር እነሱ ዘንድም አልተፈታም ነበር። ዜንግና ሰዎቹ ኤሌክትሮላይቱን፣ ማለትም በሁለቱ ዋልታዎች መሀል ያለውን ፈሳሽ፣ እንደገና መቀመም ጀመሩ። ቶሎ የሚተነውን ንጥረ ነገር እያወጡ፣ ሌላ እየተኩ፣ እየሞሉና እያፈሰሱ ሞከሩ። አንዱ ቅመም ሳያብጥ ቀረ።

ይህች ታሪክ በኩባንያው ዙሪያ ብዙ ጊዜ ትነገራለች፤ እኔም የምወዳት አለምክንያት አይደለም። ፈቃድ ገዛህ ማለት ወረቀት ገዛህ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው፣ ማለትም ለምን እንደሚያብጥ፣ በምን ያህል ሙቀት እንደሚበላሽ፣ የትኛው ብናኝ እንደሚያቃጥለው፣ እዚያው ማሽኑ ሥር ውሎ አድሮ የሚገኝ ነው። ኤቲኤል ያንን ካገኘ በኋላ በ2005 ቲዲኬ ኩባንያውን ገዛው፤ ባትሪውም የአፕል ማጫወቻ ውስጥ ገባ። በ2011 የመኪናው ክፍል ተነጥሎ፣ ኒንግዴ ውስጥ፣ በቻይናውያን ባለቤትነት ሲኤቲኤል ሆኖ ተመሠረተ።

ቀጥሎ የመጣው አስተማሪ ጀርመናዊ ነበር። ቢኤምደብሊው ከቻይና ሸሪኩ ጋር ለሚሠራው የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ፈልጎ ወደ ሲኤቲኤል ሲመጣ 800 ገጽ ያህል የሚሆን፣ በጀርመንኛ የተጻፈ የመሥፈርት ሰነድ ይዞ መጣ ይባላል። የሙቀት ፈተና፣ የንዝረት ፈተና፣ የመፍጨት ፈተና፣ ከሺህ ዙር በኋላ ምን ይቀራል የሚል ፈተና። ያኔ ገና ስም ያልነበረው ኩባንያ እያንዳንዱን ገጽ አላምጦ ዋጠው። ደንበኛ አስተማሪ ሲሆን የሚከፍለውም ራሱ ደንበኛው መሆኑ እንዴት ያለ ዕድል ነው!

ዕድል ብቻ አልነበረም። በ2015 የቻይና መንግሥት የተፈቀደላቸውን ባትሪ አምራቾች ስም ዝርዝር አወጣ። መኪናህ የመንግሥት ድጎማ እንዲያገኝ ከፈለግህ ባትሪህን ከዝርዝሩ ውስጥ ካለ ኩባንያ መግዛት አለብህ። ኤልጂና ሳምሰንግ፣ የኮሪያዎቹ ባለሙያዎች፣ ቻይና ውስጥ ፋብሪካ ገንብተው ሳለ ዝርዝሩ ውስጥ አልገቡም። ዝርዝሩ የተሻረው በ2019 ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት ሲኤቲኤል ማንም የማይደርስበት ሆነ። በነጻ ገበያ አሸነፈ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት፤ በመንግሥት ድጎማ ብቻ ነው ያደገ የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ ዛሬ ስማቸው እንኳ እንደማይታወስ ንገሩት።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንግባ፤ ምክንያቱም ሙያ ሙያ የምለው ነገር ምን እንደሆነ ካላያችሁት ቀሪው ወሬ ይሆንባችኋል።

ሴል የሚጀምረው ከሊጥ ነው። ዱቄቱን፣ ማጣበቂያውንና ማሟሟያውን ያዋህዱና ስስ ብረት ላይ ይቀቡታል፤ በአንደኛው ዋልታ መዳብ፣ በሌላኛው አሉሚኒየም። መዳቡ 6 ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊሜትር 6 ሺኛ ድረስ ይሳሳል፤ የሰው ፀጉር ከአሥር እጥፍ በላይ ይወፍራል። እናቶቻችን ምጣድ ላይ ሊጡን ከዳር ወደ መሀል ሲያዞሩ ውፍረቱን በእጅ ነው የሚያውቁት፤ አንድ ቦታ ቢወፍር እንጀራው ይበላል፣ ዓይኑም ጌጡ ነው። እዚህ ግን ዓይን ማለት ሞት ነው። አየር የያዘች ትንሽ ቀዳዳ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ማይክሮን የወፈረ ቅብ፣ ከዓመት በኋላ መኪናው ውስጥ ሊቲየም የሚከማችበት ቦታ ይሆናል። ክምችቱ እንደ መርፌ አድጎ መለያውን ስስ ፕላስቲክ ከወጋው እሳት ነው። ማሽኑ ይህን የሚቀባው እየሮጠ፣ በደቂቃ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ብረት እያሳለፈ፣ ቀኑን ሙሉ ነው።

ከዚያ ደረቅ ክፍል አለ። ሊቲየምና ውሃ አይስማሙም፤ ስለዚህ ሴሉ የሚገጣጠምበት አየር እርጥበቱ ተመጦ ከማንኛውም በረሃ አየር በላይ የደረቀ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ትልቁ የእርጥበት ምንጭ ማን መሰላችሁ? ሠራተኛው። ትንፋሹና ላቡ። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚገባ የተቆጠረ ነው። መጨረሻ ላይ ሴሉ ኤሌክትሮላይቱ ይገባበትና ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ ኤሌክትሪክ ይሞላል፣ ይፈሳል፣ ይቀመጣል፣ እንደገና ይለካል። ይህ ብቻውን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። የኋላ ዕድሜው የሚወሰነው እዚህ ላይ በውስጡ በሚፈጠረው ስስ ሽፋን ነው።

እንግዲህ የባትሪ ፋብሪካ ትርፍና ኪሳራ የሚለካው በአንዲት ጥያቄ ነው፦ ከመስመሩ መጨረሻ ከወጣው ሴል ስንቱ ይሸጣል? የጎለመሰ ፋብሪካ የሚጥለው ከመቶ አሥር አይሞላም። አዲስ ፋብሪካ መጀመሪያ ላይ ሲሶውን ቢጥል ብርቅ አይደለም። የሴል ዋጋ ከግማሽ በላይ ጥሬ ዕቃ ስለሆነ የጣልከው ገንዘብህን ነው።

ስዊድናዊው ኖርዝቮልት ይህን በገዛ ኪሱ አየው። በ2016 ተመሠረተ፤ መሥራቹ ከቴስላ የወጣ ሰው ነው። ገንዘብ እንደ ጎርፍ ገባለት፤ ከ15 ቢሊዮን ዶላር በላይ። ሼሌፍቴዮ በምትባል የሰሜን ስዊድን ከተማ ግዙፍ ፋብሪካ ሠራ፤ የውሃ ኃይል መብራት በርካሽ፣ ከእስያ የመጣ አዲስ ማሽን፣ ከመላው ዓለም የተሰበሰበ ሠራተኛ ነበረው። የሚሸጥ ሴል በበቂ መጠን ማውጣት ግን አቃተው። በ2024 ቢኤምደብሊው የ2 ቢሊዮን ዩሮ ትዕዛዙን ሰረዘ፤ በመጋቢት 2025 ስዊድን ውስጥ መክሰሩን አስታወቀ። ገንዘብ ነበረው፣ ማሽን ነበረው፣ ገዢ ነበረው። የጎደለው ያ የማሽን ሥር ዕውቀት ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፦ ለምን ይወጣሉ? የመኪና ባትሪ ክብደቱ 400፣ 500 ኪሎ ነው፤ በመርከብ ሲጫን በአደገኛ ጭነትነት ነው የሚመዘገበው። መኪና ፋብሪካ ደግሞ ባትሪውን በየቀኑ፣ በየሰዓቱ ከጎኑ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ የዋጋ ጦርነቱ ከፍቷል፤ ቻይና ውስጥ ከሚያስፈልገው በላይ ፋብሪካ ስላለ ዋጋው ሲወርድ ቆይቷል። ሲኤቲኤል በውጭ ሽያጩ የሚያገኘው የትርፍ መጠን ከአገር ቤቱ ይበልጣል፤ ከገቢው ሲሶ ገደማው ከውጭ ነው የሚመጣው። አሜሪካ በ2024 በቻይና የመኪና ባትሪ ላይ ያለውን ቀረጥ ከ7.5 ወደ 25 በመቶ አሳደገች፤ አውሮፓም ቀን ጠብቃ ትከተል ይሆናል የሚል ሥጋት አለ። አጥር ከመታጠሩ በፊት አጥሩ ውስጥ መገኘት ነው ጨዋታው።

የጀርመኑ ውል የተፈረመው በሐምሌ 2018 በርሊን ላይ፣ አንጌላ ሜርክልና የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ከቺያንግ ባሉበት ነው። ቦታው አርንሽታት፣ ቱሪንጂያ፣ የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን። ከፋብሪካው ሕንጻዎች አንዱ ቀድሞ የፀሐይ ኃይል ፓነል ይሠራበት ነበር። ይህን ልብ በሉ፤ የጀርመን የፀሐይ ኢንዱስትሪ በቻይና ዋጋ ተመትቶ ባዶ የቀረ ቤት ነው ባትሪውን የተቀበለው። መጀመሪያ 240 ሚሊዮን ዩሮ የተባለው ወጪ እስከ 1.8 ቢሊዮን ደረሰ። በዓመት 14 ጊጋዋት ሰዓት፣ ማለትም 14 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያመርታል ተብሎ ታቀደ፤ የመጀመሪያው ሴል የወጣው በታኅሣሥ 2022 ነው። ከፊርማ እስከ ሴል ከአራት ዓመት በላይ። ቻይና ውስጥ ያው ኩባንያ ከዚያ የሚበልጠውን በሁለት ዓመት ውስጥ ያቆማል።

ሀንጋሪ ሌላ ነው። ነሐሴ 2022 ዴብሬጸን ከተማ አጠገብ 221 ሄክታር መሬት ላይ 7.3 ቢሊዮን ዩሮ፣ 100 ጊጋዋት ሰዓት ተባለ። የመጀመሪያው ዋና ደንበኛ መርሴዲስ። የቪክቶር ኦርባን መንግሥት መሬቱን አመቻቸ፣ መንገዱን ሠራ፣ በመቶ ሚሊዮኖች ዩሮ ድጋፍ ሰጠ። ሕዝቡን ያነጋገሩት ከማስታወቂያው በኋላ ነው። በጥር 2023 የተጠሩት ስብሰባዎች በጩኸት ተደበላለቁ። አካባቢው የሀንጋሪ ታላቁ ሜዳ ነው፤ ድርቅ የሚጎበኘው የእርሻ አገር። ጎረቤት ያለችው ሚኬፔርች መንደር እናቶች ተሰባስበው ሁለት ነገር ጠየቁ፦ ውሃው ከየት ሊመጣ ነው? ሊጡን የሚያቀጥኑበት ኤንኤምፒ የሚባለው ማሟሟያስ የት ይሄዳል? ኤንኤምፒ በአውሮፓ ሕግ ለፅንስ ጎጂ ተብሎ የተመደበ ኬሚካል ነው። ፋብሪካ ውስጥ አብዛኛው ተንኖ፣ ተይዞ፣ ተመልሶ ይሠራበታል፤ ምክንያቱም ውድ ነው። የቀረው ጥቂቱ ግን ለጎረቤት ጥቂት አይደለም። እነዚያ እናቶች ኬሚስት አልነበሩም፤ ጥያቄያቸው ግን የባለሙያ ጥያቄ ነበር። ኩባንያው ለሕዝብ ያላቀረበውን መረጃ ከሀንጋሪ ሚኒስትሮች ይልቅ የፈለቀቁት እነሱ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በግንቦት 2025 ሲኤቲኤል አክሲዮኑን ሆንግ ኮንግ ላይ ለገበያ አቅርቦ 4.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰበ፤ ከዚያ ውስጥ ከመቶ 90 ያህሉ ለዴብሬጸን የሚውል ነው። ይህን ያህል ነው ሀንጋሪ የምትመዝነው።

ስፔን ላይ ስልቱ ተቀየረ። ታኅሣሥ 2024 ፔዦን፣ ፊያትንና ኦፔልን ከሚያመርተው ስቴላንቲስ ጋር እኩል በእኩል ሸሪክ ሆነው፣ ዛራጎዛ አጠገብ ፊጌሩዌላስ ላይ በ4.1 ቢሊዮን ዩሮ ሊሠሩ ተስማሙ። እዚህ ላይ ዜናው ፋብሪካውን ሊያቆሙና ማሽኑን ሊተክሉ ወደ 2,000 የሚጠጉ ቻይናውያን ይመጣሉ መባሉ ነው። የስፔን ሠራተኛ ማኅበራት ገና ከጅምሩ ጠየቁ፦ የኛ ልጆችስ መቼ ነው የሚማሩት? ጥያቄው ቅናት ይመስላል፤ እኔ ግን ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ማሽን የሚተከልበት ወቅት ከመቶ የሥልጠና ወረቀት የሚበልጥ ትምህርት ቤት ነው። መስመሩ ሲወላገድ፣ ሊጡ ሲቋጠር፣ መለኪያው ሲዋሽ ያየ ሰው ነው በኋላ መስመሩን የሚያድን። ያኔ አጠገቡ ያልቆመ፣ ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር የሚገባው ቁልፍ ለመጫን ነው።

አሁን አሜሪካ። ሚሺጋን ውስጥ ማርሻል በምትባል ትንሽ ከተማ ፎርድ በየካቲት 2023 የ3.5 ቢሊዮን ዶላር የባትሪ ፋብሪካ አስታወቀ። ባለቤቱ መቶ በመቶ ፎርድ ነው፤ ሲኤቲኤል ሙያውን በፈቃድ ያከራያል፣ ባለሙያ ይልካል፣ ክፍያ ይቀበላል። ከዚያ በፊት ይኸው ፕሮጀክት ቨርጂኒያ ሊሄድ ሲታሰብ የዚያ ግዛት አስተዳዳሪ የነበሩት ግሌን ያንግኪን የቻይና መግቢያ ቀዳዳ ነው ብለው መልሰውታል። ኋላም ፎርድ ሥራውን አቆመ፣ መጠኑን ቀንሶ ቀጠለ፤ 2,500 የተባለው ሠራተኛ 1,700 ሆነ። በጥር 2025 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሲኤቲኤልን ከቻይና ጦር ጋር ይሠራሉ በሚላቸው ኩባንያዎች መዝገብ ውስጥ አስገባ፤ ኩባንያው አስተባበለ።

የማርሻል ነገር ግርም የሚለኝ የሚሠራውን ባትሪ ሳስብ ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ ኒኬልም ኮባልትም የሌለው፣ ርካሹ፣ ለእሳት የማይቸኩለው ዓይነት። የተገኘው በ1990ዎቹ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ በጆን ጉድኢናፍ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ ሰውየው በ2019 በሊቲየም ባትሪ ሥራቸው ኖቤል ተሸልመዋል። የባለቤትነት መብቱን የያዙት የካናዳና የፈረንሳይ ተቋማት ከቻይና አምራቾች ጋር ተስማምተው ነበር፤ ቻይና ውስጥ እስከሸጣችሁ ድረስ አትከፍሉም። ምዕራባውያኑ ክብደቱን ጠልተው ሲተዉት ቻይናዎቹ አሥር ዓመት ሙሉ ያንኑ ሲያሻሽሉ ኖሩ፤ መብቱ በ2022 ገደማ ሲያልቅ ይዘውት ወጡ። እነሆ አሜሪካ ራሷ ያገኘችውን ባትሪ ለመሥራት ፈቃድ ትከራያለች። በሐምሌ 2025 ደግሞ ቤጂንግ የዚህን ባትሪ ዱቄት አዘገጃጀት ሙያ ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለች። በ1999 ፈቃድ ገዝቶ ባትሪው ያበጠበት ሰውዬ አገር!

ማዕድን ላይ ብዙ አልቆይም፤ ጊዜዬ እያለቀ ነው። አንድ ነገር ግን ማለት አለብኝ፤ እኛ አገር "ሊቲየም አለን እኮ" የሚል ንግግር ስለበዛ። ኢንዶኔዥያ በ2020 ጥሬ ኒኬል ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደች፤ ማቅለጫዎቹ መጡ፤ በሰኔ 2025 ሲኤቲኤል ያለበት ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ፕሮጀክት መሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ጎበዝ ናቸው። ነገር ግን ኒኬል ተይዞ ድርድር ላይ ሲቀመጡ ኬሚስቱ ኒኬል የማይፈልግ ባትሪ እያሻሻለ ነበር። ኮንጎ ውስጥ ሲኤቲኤል በ2021 ከኪሳንፉ የኮባልትና መዳብ ማዕድን ሩብ የሚሆን ድርሻ በ137.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ኮባልቱ ከኮንጎ ይወጣል፣ ሴሉ ኮንጎ ውስጥ አይሠራም። ሊቲየም ራሱ በኅዳር 2022 ቶኑ 600,000 ዩዋን ገደማ ደርሶ በ2024 ከ100,000 በታች ወረደ። ጉጂ ውስጥ ያለው የቀንጢቻ ሊቲየም ሀብት ነው፤ አልክድም። የባትሪ ፋብሪካ ግን ከመሬት አይቆፈርም።

ታዲያ እዚህስ? አሥር ጊጋዋት ሰዓት የሚያመርት ፋብሪካ በዓለም ልክ ትንሽ ነው። ለአንድ መኪና 60 ኪሎዋት ሰዓት ብንቆርጥ በዓመት 166,000 መኪና ያለብሳል። መንግሥት ነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለበት ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ባለሥልጣናት ይጠሩት የነበረው የኤሌክትሪክ መኪና ብዛት 100,000ን ትንሽ አለፍ የሚል ነበር፤ በጠቅላላው፣ ያለው ሁሉ ተደምሮ። ያ ትንሽ ፋብሪካ የኛን ሁሉ በሰባት ወር ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። መብራቱስ? አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሴል ለመሥራት ከ30 እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይፈጃል ተብሎ ይገመታል፤ ለአሥር ጊጋዋት ሰዓት በዓመት 400 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ። ህዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ከሚባለው አንጻር ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መጠኑ አያስቸግርም። መቋረጡ ነው። ደረቅ ክፍል ውስጥ መብራት ለአንድ ሰዓት ሄዶ ሲመጣ ውስጥ የነበረው ሁሉ ተበላሽቶ ይጠብቃል።

ሞሮኮ የተለየ መንገድ ይዛለች። ጎሽን የሚባለው ሌላው የቻይና ባትሪ አምራች በ2024 ቀኒጥራ ላይ ፋብሪካ ሊሠራ ተፈራረመ፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ 1.3 ቢሊዮን ዶላር። ለምን ሞሮኮ? ፎስፌት አላት፣ እውነት ነው። ከዚያ በላይ ግን ሬኖና ፔዦ እዚያ መኪና እየሠሩ ቆይተዋል፤ ለአውሮፓ ገበያም በሩ ክፍት ነው። ገዢው አጠገብ ቆሟል። ሴል ገዢን ይከተላል። ጎሽን ራሱ ሚሺጋን ውስጥ ሊከፍት የነበረው ፋብሪካ ግን ነዋሪዎች የወረዳውን ሹማምንት በድምፅ አውርደው፣ ፍርድ ቤት ተካሰው፣ በ2025 ቀርቷል።

እኛ ዘንድ በቅርብ የሚሆነው ማሸግና መጠገን ነው፤ ሴሉን አምጥቶ ሳጥኑን እዚህ መገጣጠም፣ ያረጀውን መክፈት፣ ጤነኛውን ለይቶ ለቤት መብራት ማዋል። ይህን ትንሽ ሥራ አትበሉት። ለዚህ ግን አስመጪዎቻችን አሁን በእጃቸው ያለ መደራደሪያ አላቸው፦ መኪና ሲገዙ የባትሪውን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚያነብ መሣሪያና ፈቃድ አብሮ እንዲመጣ መጠየቅ። ዛሬ ብዙው መኪና የሚገባው ተቆልፎ ነው። ጋራዡ ሳጥኑን ይከፍታል፤ ኮምፒውተሩ አይከፈትለትም። አንድ ሴል ሞታ ሙሉ ባትሪ ይጣላል።

ከመድረኩ ልወርድ ስል አንድ ጋራዥ ያላቸው አባት፣ "ልጄ፣ ፍልስፍናውን ሰማን፤ የሞተውን ሴል የምተካበትን ከየት ልግዛ? የቻይናው ነጋዴ ሁሉም ሲኤቲኤል ነው ይለኛል" ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ አልኳቸው፦ ጋሼ፣ የቻይና የመኪና ሴል በላዩ ላይ በሌዘር የተጻፈ ካሬ ኮድ አለው፤ በስልክዎ ያንብቡት። 24 ቁምፊ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአምራቹ መለያ ናቸው፤ የሲኤቲኤል 001 ነው። ከመጨረሻዎቹ መሀል የተመረተበት ቀን አለ። ኮዱ ተፍቆ ከሆነ፣ ወይም ተፍቆ ላዩ ላይ አዲስ ከተጻፈ፣ ያ ሴል ከፋብሪካው መስመር የወደቀ ወይም ከሌላ መኪና የወጣ ነው ብለው ይጠርጥሩ። ከመግዛትዎ በፊት ውስጣዊ ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ሴሉ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚገታውን ያህል፣ በመለኪያ ይለኩ፤ ከሚተካው ሳጥን ውስጥ ካሉት ጋር ካልተቀራረበ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም አይግዙት። ስንት ሚሊኦም ነው ብለው ጠየቁኝ፤ እንደ ሴሉ መጠን ይለያያል፣ ለትልልቆቹ ከአንድ በታች ነው አልኳቸው። ወረቀት አውጥተው ጻፉት።